ልጅ በጣቱ የሚያውቀው ፊደል፦ የኬጂ ክፍል የፊደል መማሪያዎች ፍተሻ

መርካቶ ወርዶ ለሕፃናት የሚሆን ፊደል የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት አራት ዓይነት ነው፤ የወረቀቱ ገበታ፣ የፎም ፊደል፣ የእንጨት ፊደልና እየተጫኑት የሚናገር ሰሌዳ። አራቱንም የመዘንነው በአንድ ጥያቄ ነው። ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ አንድን ፊደል ከተርታው ተነጥሎ ሲያየው እንዲለየው ይረዳዋል ወይስ አይረዳውም? ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ እንደ ውሃ የሚያወርድ ልጅ፣ «ሚ»ን ብቻዋን ሲያሳዩት ወደ ኋላ ተመልሶ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ካላለ አይደርስባትም። ያ ልጅ ዜማውን ያውቃል፤ ፊደሉን ግን ገና አልያዘም። ሕፃናትን ማስተማር የሚወድ መምህር ይህችን ልዩነት ቶሎ ያያታል፤ ዕቃ ሲመርጥም የሚመርጠው በእሷ ነው።

በወረቀቱ ገበታ እንጀምር። ከተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት የወጣውን ገበታ ይዞ ስንት ትውልድ «ሀ» ብሏል፤ ክብሩ የተጠበቀ ነው። ነገር ግን ለምን አገልግሎት እንደተሠራ ማወቅ ይገባል። በቄስ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ገበታ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በስንጥር እየጠቆመ ነው የሚቆጥረው። ለዚህ አያያዝ መጠኑ ልክ ነው። ያንኑ ገበታ ግድግዳ ላይ ለጥፎ 30 ልጅ ማስተማር ግን አይሆንም። የኤ4 ወረቀት ቁመት 29.7 ሴ.ሜ ነው። ርእሱና ጠርዙ 3 ሴ.ሜ ከወሰዱ፣ የቀረው («ቨ»ን ጨምሮ) ለ34 ተርታ ሲካፈል ለአንዱ 8 ሚ.ሜ እንኳ አይደርሰውም፤ ፊደሉ ራሱ 5 ሚ.ሜ ገደማ ይሆናል። በዚህ መጠን «ሱ»ን ከ«ሲ» የምትለየው ጭረት ከነጥብ አትበልጥም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ፊደሉ ስለማይታየው ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን ያምንና የጎረቤቱን ድምፅ እየተከተለ ያዜማል። መምህሯም ሁሉም እኩል ሲጮኹ ስትሰማ የገባቸው ይመስላታል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ባነር የሚያትም ቤት ሄዶ ፊደሉን በአንድ ትልቅ ወረቀት ከማሳተም ይልቅ በኤ2 መጠን አምስት ቦታ ከፍሎ ማሳተም ነው። አንዱ ወረቀት ሰባት ተርታ ይይዛል። ወርዱ 42 ሴ.ሜ ስለሆነ ለሰባቱ ድምፆች 6 ሴ.ሜ፣ ቁመቱ 59.4 ስለሆነ ለእያንዳንዱ ተርታ 8 ሴ.ሜ ገደማ ይደርሳል፤ 5 ሴ.ሜ ቁመት ያለው ፊደል በደንብ ይገባበታል። አምስት ጊዜ ሰባት 35 ስለሚሆን የምትተርፈውን አንዲት ተርታ ባዶ ተዉአት፤ የሳምንቱ ፊደል ይጻፍባታል። የወረቀቱ መሃል ከወለል 1 ሜትር ገደማ ላይ ይዋል፤ ቆሞ የሚያይ የአምስት ዓመት ልጅ ዓይን የሚያርፈው እዚያ አካባቢ ነው። ብዙ ክፍል ውስጥ ገበታው ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ ይታያል። እዚያ ያለ ገበታ የሚያገለግለው ለጎብኚ ነው። ላሚኔሽን ካስፈለገም የማያብለጨልጨውን ምረጡ፤ የሚያብረቀርቀው ከመስኮት ትይዩ ሲውል ብርሃኑን መልሶ ስለሚረጭ ግማሹ ክፍል ምንም አያይም።

ከመግዛት በፊት ቁጠሩ። የግእዙ 26 ፊደል ላይ አማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨን ጨምሮ 33 አድርሶታል፤ በሰባት ሲባዛ 231 ነው። «ቨ» ከተጨመረ 34 ተርታና 238 ይሆናል። «ለልጆች እንዲቀል» ተብሎ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ የተዘለሉበት ገበታ አይገዛ። ማቅለሉ በመምህሩ እጅ ያለ ነገር ነው፤ መጀመሪያ በሀ፣ በሰ፣ በአ፣ በጸ ያስተምራል፤ ሌሎቹን ቆይቶ በስማቸው ያመጣቸዋል፤ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ ዐይኑ ዐ፣ ፀሐዩ ፀ። ከገበታው ላይ ከጠፉ ግን ሐና የስሟን መጀመሪያ ፈልጋ አታገኝም። ልጅ ደግሞ ከፊደል ሁሉ ቀድሞ የሚወደው የራሱን ስም ፊደል ነው።

ሥዕል ያለበት ገበታ ሲሆን ፍተሻው ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት «በ» አጠገብ ቤት፣ «ደ» አጠገብ ዶሮ፣ «ለ» አጠገብ ሎሚ፣ «ዘ» አጠገብ ዛፍ መሳል ነው። ቤት በ«ቤ» እንጂ በ«በ» አይጀምርም። ለአዋቂ ይህ ያው የአንድ ቤተሰብ ፊደል ነው፤ ለጀማሪ ልጅ ግን ሌላ ድምፅ ነው፤ ሥዕሉን ባየ ቁጥር «በ»ን «ቤ» ብሎ ያነባታል። ትክክለኛው ቃል ሞልቷል። በግ፣ ተራራ፣ ነብር፣ ከበሮ፣ ደመና፣ ጀበና፣ ፈረስ፣ መኪና፣ ሰዓት፣ ቀጭኔ እያለ ሎሚ ጋ መሄድ አያስፈልግም። ሁለተኛው ችግር ሁለት ስም ያለው ሥዕል ነው። «ሐ» አጠገብ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ተስሎ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ዶክተር!» ይላሉ። «ቀበሮ» የተባለችውም ለከተማ ልጅ ውሻ ናት። ገበታውን ከመግዛታችሁ በፊት የትኛውንም የአራት ዓመት ልጅ «ይኼ ምንድን ነው?» እያላችሁ አስር ሥዕል አሳዩት፤ ከአስሩ ሦስቱን በሌላ ስም ከጠራ ያ ገበታ ይቅር።

የፎም ፊደል በቀለሙ ልጅን ይስባል፤ ወለል ላይ ተቀምጦ ለመጫወትም ይመቻል። ድካሙ ሌላ ነው። ከሚሸጡት ብዙዎቹ ግእዙን፣ ማለትም የየተርታውን የመጀመሪያ ፊደል፣ ብቻ የያዙ ናቸው፤ 33 ቁራጭ ነው እንጂ 231 አይደለም፤ ስለዚህ ማሸጊያውን አስከፍቶ መቁጠር ያሻል። ቀዳዳ ያላቸው ፊደሎች፣ ማለትም መ፣ ወ፣ ቀ፣ ዐ፣ ፀ፣ ሲቆረጡ ከመሃላቸው የሚወጣው ትንሽ ቁራጭ ለብቻው ይሾልካል፤ ልጅም ወደ አፉ ይወስደዋል። መመዘኛው ቀላል ነው። ቁራጩ በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቱቦ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ከገባ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ሲከፈት የሚሸተው ፎም ጥቂት ቀን አየር ላይ ተሰጥቶ፣ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ነው ክፍል የሚገባው፤ ከዚያም በኋላ ሽታው ካልለቀቀ ይመለስ። ሌላው ደግሞ ጥርስ ነው። የፎም ጠርዝ በተነከሰ ቁጥር ይጎድላል፤ የ«ሊ» እግር ላይ ያለችው ጭረት ተነክሳ ከወደቀች የቀረው «ለ» ነው። ዕቃው በራሱ ስሕተት ማስተማር ይጀምራል ማለት ነው።

የእንጨቱ ፊደል በእኛ ግምት ገንዘብ የሚገባው እሱ ነው፤ ግን ሁሉም አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው መደቡ ነው። ቁራጩ የሚገባበት ጉድጓድ አራት ማዕዘን ከሆነና ፊደሉ ከላዩ ከታተመ፣ ልጁ የሚያዛምደው ሳጥን ከሳጥን ነው፤ ፊደል አይዳስስም። ጉድጓዱ ራሱ የፊደሉን ቅርጽ ይዞ የተቦረቦረ ሲሆን ግን «ባ» በ«ቦ» ቦታ አልገባም ትላለች፤ የ«ባ» ረጅም እግር በቀኝ፣ የ«ቦ» በግራ ስለሆነ። ልጁ ያገላብጣታል፣ ያዞራታል፣ ገልብጦ ይሞክራል፣ በመጨረሻም የእግሮቹን ነገር በገዛ እጁ ይደርስበታል። ሚስ ሳትናገር እንጨቱ ያርመዋል። ፊደሉ ሲገለበጥ እንዲታወቅ ደግሞ የቁራጩ ፊት ብቻ የተቀባ፣ ጀርባው ያልተቀባ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ገጽ ከተቀባ ልጁ ፊደሉን ከጉድጓዱ ውጭ ሲደረድር ግራና ቀኙ ይምታታበታል።

ቀጥሎ ቀለሙ። እያንዳንዱ ፊደል እንደ መጣለት ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የተቀባበት ስብስብ ለዓይን ያምራል፤ ግን ልጁ «ቀዩዋ» ብሎ ይይዛታል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ ስትጻፍ አያውቃትም። የተሻለው ሁሉም ቤተሰብ አንድ ዓይነት ቀለም ኖሮት ድምፁን የሚለውጠው ምልክት ብቻ በሌላ ቀለም የተለየበት ነው። የ«በ»ን ቤተሰብ ሰማያዊ አድርጉና የ«ቡ»ን የወገብ ጭረት፣ የ«ቢ»ን የእግር ጭረት፣ የ«ቤ»ን ቀለበት ቀይ ቀቧቸው። ያኔ ልጁ «ሱ» ላይም፣ «ሹ» ላይም፣ «ኩ» ላይም ያችኑ ቀይ የወገብ ጭረት ያገኛታል፤ ካዕብ ማለት ይህ እንደሆነ ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል። 231 ፊደል ለየብቻ ከመሸምደድ ወደ 33 አካልና ጥቂት ምልክት ይወርድለታል። ሩና ሪ፣ ፉና ፊ፣ ሌሎችም ከመስመር የወጡ አሉ፤ እነሱ በመጨረሻ ይምጡ፤ ሳድስም ወጥ ምልክት ስለሌለው ከካዕብ፣ ከሣልስና ከኃምስ በኋላ ይሁን። ይህን የመሰለ የቀለም አደራረግ ያለው ስብስብ ገበያ ላይ ካጣችሁ፣ አንድ ቀለም ያለውን ገዝታችሁ ምልክቶቹን ራሳችሁ መቀባት ትችላላችሁ፤ ቀጭን ብሩሽና የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስለ ጣውላው። ለቀጭን ፊደል 9 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ ከወጥ እንጨት ይሻላል። ወጥ እንጨት የሚሰነጠቀው በጭረቱ መስመር ነው፤ የሐ፣ የጠ፣ የሰ እግሮች የእንጨቱን ጭረት አቋርጠው ከተቆረጡ መጀመሪያ ወለል ላይ በወደቁ ቀን ይቀነጠሳሉ። ኮምፔንሳቶ ግን ስስ ሽፋኖቹ የአንዱ ጭረት የሌላውን እያቋረጠ ስለተጣበቁ ይይዛል። የሰፈር አናጺ በዋንዛ ልሥራላችሁ ካለ ውፍረቱን ከ12 ሚ.ሜ አታሳንሱ፤ የእንጨቱ ጭረት ከፊደሉ እግር ጋር ከላይ ወደ ታች እንዲሄድም ንገሩት። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በ80 ከዚያ በ180 ቁጥር፣ ጉንጭ ላይ ሲያሹት እስከማይቧጥጥ ድረስ ይለስልስ። ለቀለሙ ነጭ ጨርቅ በሆምጣጤ አርሳችሁ ለግማሽ ደቂቃ ፈትጉት፤ ጨርቁ ከተቀባ ልጁም አፉ ውስጥ ይቀባዋል ማለት ነው፤ አይገዛ። እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ያለበት ቀለም ግን ሳይለቅም ሊጎዳ ስለሚችል፣ ቆርቆሮው ላይ ከእርሳስ ነፃ መሆኑ ያልተጻፈበትን ቀለም ለልጅ ዕቃ አትጠቀሙ።

በእጅ የሚዳሰስ ፊደል የጣሊያናዊቷ የሕፃናት አስተማሪ የማርያ ሞንቴሶሪ ዘዴም ነው፤ ሮም ውስጥ በ1907 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት የያዘችው መንገድ ለእኛ ፊደል ልክክ ይላል። 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ ፊደሉ በግልባጩ ይሳልና ተቆርጦ 15 በ20 ሴ.ሜ በሆነ ልስልስ ካርቶን ላይ በኮላ ይለጠፋል፤ የመስመሩ ውፍረት 1 ሴ.ሜ ያህል ይሁን። ልጁ በአመልካችና በመሃል ጣቱ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተከተለ ድምፁን ይላል። ጣቱ የሚነሣበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አድርጉ። በግልባጩ መሳል የሚረሳው ብዙ ነው፤ ከጀርባው በቀጥታ የተሳለ ፊደል ሲለጠፍ ይገለበጣል፤ «ባ» የነበረው «ቦ»ን መስሎ ይወጣል።

የሚናገረውን ሰሌዳ የሚወዱት ከሁሉ ይልቅ ልጆቻቸው በውጭ አገር የሚያድጉ ወላጆች ናቸው፤ ዋሽንግተንም ይሁን ቴል አቪቭ፣ ልጁ ከቤት ውጭ አማርኛ የማይሰማበት ቦታ ድምፅ ያለው ዕቃ መፈለግ ተገቢ ነው። ለዚያው ልጅ ግን የሰሌዳው ስሕተት የከፋ ነው፤ የሚያርምለት ሌላ ጆሮ የለምና። ሱቅ ውስጥ አስከፍታችሁ አምስት ጥንድ ተጫኑ፤ ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ፣ ጨ እና ቸ፣ ጸ እና ሰ፣ ጰ እና ፐ። ፈንድተው የሚወጡት የየጥንዱ የመጀመሪያ ድምፆች ከለስላሶቹ ካልተለዩ፣ ወይም «ብ» ስትጫኑ «ቢ» ካለ፣ መልሱት። ባትሪው ያለበት ክዳን በብሎን የታሰረ መሆን አለበት። የሰዓት ባትሪ፣ ያቺ ትንሽ ክብ፣ የሚጠቀመውን ጨርሶ አታስገቡ፤ ልጅ ከዋጣት ጉሮሮውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ልታቃጥል ትችላለች። ባትሪ ድንጋይ የሚበላው ይሻላል። እንዲያም ሆኖ ሰሌዳው የሚናገረው ልጁ ሲጫነው ብቻ ነው፤ ልጁ ሲሳሳት ዝም ይላል። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ከሌለ ከመጫወቻ አያልፍም።

በጀት ለሌለው ትምህርት ቤት ቆርኪ አለ፤ ይህን እንደ አነስተኛ አማራጭ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ቃል ለመሥራት ከሚሸጡት ብዙዎቹን ያስንቃል። ከግሮሰሪ የሚለቀመው ቆርኪ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፤ ጥርሱ ወደ ውስጥ በመዶሻ ይተኛል፤ 2.5 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ላይ ፊደሉ ተጽፎ ውስጡ በኮላ ይለጠፋል፤ ከላዩ አንድ ጊዜ ኮላ ሲቀባ እርጥበት በቀላሉ አይገባውም። 231 ብቻ አትሥሩ። ልጅ «ለምለም» ብሎ ለመደርደር ሁለት «ለ» እና ሁለት «ም»፣ «አበበ» ለማለት ሁለት «በ» ያስፈልገዋል። ሳድሶቹ በብዛት ይሠሩ፤ ም፣ ት፣ ን፣ ር፣ ስ፣ ል፣ ብ፣ ው ከእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ይኑሩ፤ አማርኛ ቃል መጨረሻው ላይ እነሱን ይወዳል። በማሸጊያ ከሚሸጡት ስብስቦች የምናነሣው ትልቁ ቅሬታም ይኸው ነው፤ ከእያንዳንዱ ፊደል አንዳንድ ብቻ ይዘው ስለሚመጡ ልጁ የራሱን ስም እንኳ መሥራት ያቅተዋል።

የትኛውም ቢገዛ አጠቃቀሙ ካልተስተካከለ ገበታ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ቀን ሦስት ፊደል ይበቃል፤ ጊዜውም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ሦስቱ የማይመሳሰሉ ይሁኑ፤ በ፣ ሰ እና ለን በአንድ ቀን ማምጣት፣ ወይም ተን ከቸ፣ ነን ከኘ ጋር መጀመር ማደናገር ነው። በ፣ መ እና ተ ግን አብረው ይሄዳሉ። መምህሯ መጀመሪያ ራሷ ትናገራለች፣ «ይህ በ ነው»። ቀጥሎ «በ የቱ ነው?» ትላለች፤ ልጁ ያነሣል። በመጨረሻ «ይህስ?» ትለዋለች፤ ይናገራል። ሦስተኛው ላይ ከተሳሳተ «አይደለም» ሳትለው ወደ ሁለተኛው ትመለሳለች። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ከመጀመሪያው ዘሎ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በመጠየቅ ነው፤ ያልተሰጠውን የተጠየቀ ልጅ ግምት ይለምዳል፤ ከግምት መመለስ ደግሞ ከባድ ነው። ዓርብ ዓርብ ካርቶን ላይ 6 በ8 ሴ.ሜ መስኮት ቆርጣችሁ የግድግዳውን ገበታ በእሱ ሸፍኑና አንድ ፊደል ብቻ እንዲታይ አድርጉ፤ ተርታውን ሳይከተል የመለሰ ልጅ ያን ፊደል ይዞታል።

ቁራጮቹ በየቤተሰባቸው ሰባት ሰባት ሆነው በየከረጢቱ ይቀመጡ፤ ከረጢቱ ላይ ግእዙ ይጻፍ፤ ልጆቹ ሲጨርሱ መልሰው መደርደሩ ራሱ ልምምድ ነው። የእንጨት ስብስብ ገዝታችሁ ቤት እንደገባችሁ፣ ልጅ ሳይነካው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩና ወረቀቱን አስቀምጡት። አንድ «ጵ» ወይም አንድ «ሼ» መጥፋቷ አይቀርም፤ ያኔ ወረቀቱን ይዞ አናጺ ጋ መሄድ ነው።